ጦቢያ፣ ሰኒና የአሊዩ አምባ ገበያ

ምናባዊ ልብ ወለድ፣ በተለምዶ ፋንታሲ የሚባለው፣ በገሃዱ ዓለም ሊሆን የማይችል ነገር የሚሆንበት፣ ሆኖም የሚሆነው ሁሉ ደራሲው አስቀድሞ ባበጀው ሕግ የሚመራበት ረዥም ትረካ ነው። በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ድንጋይ ሊናገር፣ ወንዝ ሊቆጣ፣ ሕፃን ዝናብ ሊያዝዝ ይችላል፤ ነገር ግን ድንጋዩ ትናንት ዝም ብሎ ዛሬ ለምን እንደ ተናገረ፣ ዝናብ ያዘዘውም ሕፃን ለትእዛዙ ምን እንደ ከፈለ አንባቢው ማወቅ ይሻል፤ ይህን ጥያቄ የማይመልስ ደራሲ ተአምር በተአምር ላይ ቢደራርብ አንባቢውን ያሰለቻል እንጂ አያስደንቀውም። የዛሬው ዝግጅት ከዚህ ሰፊ ዘርፍ መካከል ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆነ ታዳጊ አንባቢዎች በሚጻፈው ክፍል ላይ ያተኩራል፤ በተለይም ጀግኖቹ በቋንቋ፣ በእምነት፣ በመልክ፣ በጾታ ወይም በአካል ሁኔታ የተለያዩ ልጆች የሆኑባቸውን መጻሕፍት ይመለከታል።

በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ማለትም ታሪኩ እግር በእግር የሚከተለው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንባቢው አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነው፤ ታዳጊ ዓይኑን የሚጥለው በታላቁ ላይ ነውና። ወላጅ ወይ ሞቷል፣ ወይ ርቆ ሄዷል፣ ወይ ምሥጢሩን አያውቅም፤ ደራሲዎች ወላጅን ከመንገድ ገለል የሚያደርጉት አባትና እናት በአጠገቡ ያሉለት ልጅ ራሱ ቆርጦ የሚወስነው ነገር ስለማይኖር ነው። በአዋቂዎች ልብ ወለድ የፍቅር ጉዳይ የሚይዘውን ቦታ በዚህ ዘርፍ የሚይዘው ጓደኝነት ነው። ሞት፣ ክህደትና ግፍ ግን ከታዳጊ አንባቢ አይደበቁም፤ ልጆች እነዚህን ነገሮች ከመጽሐፍ በፊት በሰፈራቸው ያውቋቸዋልና መደበቁም ከንቱ ነው።

በአማርኛ ለልጆች የተጻፈው ሲመረመር በብዛት የሚገኘው አጭር ተረትና ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት»፣ በትምህርት ቤቶች ሲነበብ የኖረው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»፣ አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያወሯቸው ተረቶች፣ ከዚያም ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሁለት ቋንቋ ያሳተሙት «ሞኙ ማሞ» ሁሉም በዚህ ወገን ይመደባሉ፤ ሁሉም ትውልድ አሳድገዋል። ከእነዚህ አለፍ ሲል የሚገኘው ግን የአዋቂዎች ልብ ወለድ ነው። አሥር ዓመት የሞላው፣ ጦጣና አያ ጅቦ የሰለቹት፣ ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ገና ያልደረሰ ልጅ መካከል ላይ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ብዙ ልጅ ንባብን የሚተወውም በዚህች ዕድሜ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከመጽሐፉ እጥረት ይልቅ ልጁን የጎዳው ግን የተረቱ አጠቃቀም ሳይሆን አይቀርም። ተረቱ ገና ሳያልቅ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከተፍ ይላል፤ ልጁም መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ስግብግብነት መጥፎ ነው፣ ትዕግሥት ጥሩ ነው ይላል፤ ያለውም ይታረምለታል፤ ዘንዶው ምን ይሸት እንደ ነበር፣ ጭራቋ ማታ ማታ የት ትተኛ እንደ ነበር ግን ማንም አይጠይቀውም። ምናባዊ ልብ ወለድ የሚያስደስተው አንባቢ እነዚህን ሁለተኛዎቹን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ነፃነት ሲኖረው ነው። የአገሩ ቃላዊ ሀብት ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሰፊ መስክ አለው፤ ከአክሱም በፊት አገር ገዛ የሚባለው ዘንዶ አርዌ አለ፣ ጭራቅ አለ፣ ዛር አለ፣ ጅኒ አለ። የእንቆቅልሽ ጨዋታ እንኳ መልስ ያጣው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ከተማና አውራጃ ቆጥሮ የሚሰጥበት በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ልጅ ያልያዘውን ግዛት በቃል መስጠትና መቀበል ከጥንት ጀምሮ የለመደው ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

የአማርኛ ልብ ወለድ ሲጀመር የተጀመረው በአንዲት ወጣት ሴት ጀግና ጀብዱ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908፣ ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም የታወቀው መጽሐፍ፣ በጦርነት የተማረከ የጦር አዛዥ፣ ማንነቱን ሳይገልጽ ዋጋ ከፍሎ የሚያስለቅቀው ነጋዴ፣ ውለታ ሊመልስ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ የሚወድቀው ወንድ ልጁ ዋህድ፣ እንዲሁም መንትያ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትከራተተው ጦቢያ የሚገኙበት ታሪክ ነው። ጊዜውም ቦታውም በውል አልተለየም፤ ጉዞው፣ አደጋው፣ ማንነትን መሰወሩና በአጋጣሚ መገናኘቱ ዛሬ ለታዳጊዎች ከሚጻፈው ጀብዱ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። መጽሐፉ ለልጆች የተጻፈ አይደለም፣ ቋንቋውም የተራቀቀ በመሆኑ ለ10 ዓመት ልጅ ይከብደዋል፤ በሌላ እምነት ያሉትንም ሰዎች የሚያያቸው አንድ ቀን ወደ ክርስትና ሊገቡ እንደሚገባቸው አድርጎ ነው። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ዴስክ በሚቀመጡበት የሸዋ ሮቢት ከተማ የትምህርት ክፍል ውስጥ ይህን መጽሐፍ በቃል እያቀለለ የሚተርክ መምህር ይህን ነጥብ ሳያነሣው ሊያልፍ አይገባውም። ያም ሆኖ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ የወጣችው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ተከታይ እህት ስትጠብቅ መኖሯ ለአማርኛ ደራሲያን የሚያስመካ ነገር አይደለም።

በሌላው ዓለምም ቢሆን የጀግኖች ልዩ ልዩ መሆን በቅርብ የመጣ ነገር ነው። ናንሲ ላሪክ የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ባለሙያ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ከታተሙ 5,206 የልጆች መጻሕፍት መካከል በጽሑፍም ሆነ በሥዕል ጥቁር ሰው የተገኘባቸው 349 ብቻ መሆናቸውን አሳይተዋል። ኧርሱላ ለ ግዊን በ1968 እ.ኤ.አ. በጻፉት የምድረ ባሕር ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ ወጣቱን ጠንቋይ ጌድን ቀይ ዳማ አድርገው ቢስሉትም፣ አሳታሚዎች በሽፋን ላይ ለዓመታት ነጭ እያደረጉ ያወጡት ስለነበር ደራሲዋ ደጋግመው አማርረዋል። ነገሩን በጥሩ አገላለጽ ያስቀመጡት ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ ናቸው፤ እኚህ ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ መጽሐፍ ለልጅ ራሱን የሚያይበት መስታወት፣ ሌላውን የሚያይበት መስኮት፣ ከዚያም አልፎ ገብቶ የሚመላለስበት በር ሊሆንለት እንደሚገባ አስረድተዋል። የምናባዊ ልብ ወለድ ልዩ ድርሻ በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው፤ መስታወትና መስኮት የሚሆን ድርሰት በሌላውም ዘርፍ ይገኛልና።

በሩን ከከፈቱት ሥራዎች መካከል ለአፍሪካ አንባቢ የሚቀርበው ትውልደ ናይጄሪያዊቷ አሜሪካዊት ደራሲ ንኔዲ ኦኮራፎር በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «አካታ ዊች» ነው። ጀግናዋ ሰኒ የ12 ዓመት ልጅ ስትሆን፣ የተወለደችው ኒው ዮርክ፣ የምትኖረው ግን በወላጆቿ አገር በናይጄሪያ ነው፤ ቆዳዋን ቀለም የሚያሳጣ አልቢኒዝም የሚባል የተፈጥሮ ሁኔታ ስላለባት እግር ኳስ እየወደደች ፀሐይ ላይ ወጥታ መጫወት አትችልም። በክፍሏ ልጆች ዘንድ አሜሪካዊት ናት፣ በአሜሪካ ናይጄሪያዊት ነበረች፣ በመልኳ ደግሞ ለሁለቱም እንግዳ ናት። በኋላ ግን «የነብር ሰዎች» ከሚባል የምሥጢር ማኅበረሰብ እንደ ሆነች ታውቃለች፤ ኦርሉ፣ ቺቺና ከቺካጎ የመጣው ሳሻ ጓደኞቿ ሆነው አብረዋት ይማራሉ፣ ልጆችን እየሰረቀ የሚገድልን ሰውም አብረው ይጋፈጣሉ።

በዚህ መጽሐፍ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ብልሃት ገንዘቡ ነው። የነብር ሰዎች መገበያያ ቺቲም ይባላል፤ እንደ ተጣመመ ዘንግ ያለ የብረታ ብረት ቁራጭ ሲሆን፣ በሥራ ወይም በንግድ አይገኝም፤ አንድ ሰው አዲስ ነገር በተማረ ቁጥር ከሰማይ ወርዶ እግሩ ሥር ይወድቃል። ከሁሉም ዋጋው የሚበልጠው መዳቡ፣ የሚያንሰው ደግሞ ወርቁ ነው። ደራሲዋ በዚህ በአንድ ሕግ ብቻ ዓለሙ ምን እንደሚያከብር፣ ሀብታሙ ማን እንደ ሆነ፣ ስግብግብ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያለ አንዲት የስብከት ቃል ገልጠዋል፤ ታዳጊው አንባቢም ገንዘቡ ሲወድቅ ልጅቷ ምን እንደ ተማረች ራሱ ይፈልጋል። «ምን ተማራችሁ?» የሚለው የመምህሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ከታሪኩ ውጭ የሚቀርብ ፈተና መሆኑ ቀርቶ የታሪኩ ሞተር ሆኗል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከአንኮበር ተራራ ሥር፣ ወደ አዋሽ ቆላ በሚወርደው ተረተር ላይ የተቀመጠችው አሊዩ አምባ ለእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት የሚሆን ሕግ ከምናብ መዋስ አያስፈልጋትም፤ ከታሪኳ ታገኘዋለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ከታጁራና ከዘይላ ወደብ እንዲሁም ከሐረር የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ ግመሉን እየነዳ የአፋርን ምድረ በዳ አቋርጦ የሚደርስባት ዋና የሸዋ ገበያ እርሷ ነበረች። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና ኦሮሞው የሚገናኙባት፣ ግመል ቀርቶ በቅሎና አህያ የሚጀምርባት፣ ቆላ አብቅቶ ደጋ የሚታሰብባት ቦታ ነበረች። ቻርልስ ጆንስተን የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1842 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ ተቀምጠው ያዩትን ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ ጽፈውታል። ከባሕር የመጣ እንግዳ እንዳሻው ወደ ንጉሡ አይወጣም ነበር፤ ከታች ፋሬ ላይ ወይም አሊዩ አምባ ላይ ቆሞ ፈቃድ ይጠብቃል፤ በ1841 እ.ኤ.አ. የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስም ከዚህ ሕግ አላመለጡም። የምናባዊ ልብ ወለድ ደራሲዎች ጀግናቸውን ወደ ሌላው ዓለም ከማስገባታቸው በፊት የሚያቆሙት ደጃፍና የሚያስጠይቁት ዘበኛ ይህ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን ከቺቲም የማያንስ ጠባይ ነበረው። አሞሌ፣ ማለትም እንደ ጡብ እየተጠረበ በመላው ደጋ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው ጨው፣ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ዝናብ ካገኘው ግን ይሟሟል፤ የተቸገረ ሰው ሰባብሮ በወጡ ሊጨምረው ይችል ነበር። ዝናብ የሚያጠፋው፣ ምላስ የሚያጣፍጠው፣ በሩቅ የሚከብር ገንዘብ ያለበት አገር በልብ ወለድ ቢፈጠር ደራሲው ምናበ ሰፊ በተባለ ነበር። ለዚህ አካባቢ፣ ለይፋት፣ ልጅ ግን ይህ የቅድመ አያቱ የገበያ ቀን ነው። ከዚህ በላይ ራቅ ብሎ ደግሞ፣ ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሡልጣኔት በኮረብታዎቹ ላይ ትቶት የሄደው፣ እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ በድንጋይ የተሠሩ ከተሞችና መስጊዶች ፍርስራሽ አለ። ከሸዋ ሮቢት የማሾና የሽንኩርት እርሻ ቀና ብሎ ወደ እነዚህ ኮረብታዎች የሚያይ ልጅ የጠፋ ከተማ ለማግኘት የእንግሊዝን ደን መዋስ የለበትም።

ነገር ግን ይህ ታሪክ ሁሉ የሚያስደስት አይደለም። ከአሊዩ አምባ አቅራቢያ አብዱል ረሱል የሚባል የባሪያ ገበያ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ ተፈንግለው የመጡ ሰዎች በዚያ ተሸጠው ወደ ባሕር ይነዱ ነበር፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ይህን ለ10 ዓመት ልጅ እንዴት መንገር ይቻላል? የታሪክ መጽሐፍ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ብዙ ወላጅም ከነጭራሹ ባይነሣ ይመርጣል። ምናባዊ ልብ ወለድ ለዚህ ጥያቄ ያገኘውን መልስ ለማየት ኳሜ ምባሊያ በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ትሪስታን ስትሮንግ የሚባል የቺካጎ ልጅ ጀግና የሆነበት መጽሐፍ ጥሩ ምስክር ነው። ትሪስታን የቅርብ ጓደኛውን በአውቶቡስ አደጋ አጥቷል፤ ጓደኛው ተረት የሰበሰበበትን ደብተር ይዞ ወደ አያቶቹ እርሻ ወደ አላባማ ይሄዳል፤ በቁጣ በሰነዘረው ቡጢም ሰማይ ይቀደድና የአፍሪካ አማልክትና የጥቁር አሜሪካውያን የተረት ጀግኖች ወደሚኖሩበት ዓለም ይወድቃል። በዚያ ዓለም የሚያሳድዱት ጭራቆች ነፍስ የዘሩ የእግር ብረቶች ናቸው፤ ከሁሉም የሚከፋውም ከባሪያ መርከብ የተገኘ ነው።

የዚህን አሠራር ጥበብ ማስተዋል ይገባል። ልጁ ከአያቶቹ ታሪክ የሚከብደውን ነገር እንደ አኃዝ አይቀበለውም፤ ስም፣ ድምፅና ክርፋት ያለው፣ የሚሮጥ፣ የሚያዝና ሊሸነፍም የሚችል ጠላት አድርጎ ይገናኘዋል። ታሪክ አልተደበቀም፣ አልተለዘበም፤ ልጅ ሊይዘው የሚችል እጀታ ግን ተበጅቶለታል። አፈወርቅም ዋህድን በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ሲጥሉት የዘመናቸውን ትኩስ ቁስል ነበር የነኩት፤ የአብዱል ረሱልን ገበያ በዚህ መንገድ የሚጽፍ ደራሲ ከእነዚህ ከሁለቱም ሊማር ይችላል። ጥያቄው ታሪኩን ልጆች ይችሉታል ወይ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ በገበያው ላይ ሻጭ የነበሩት፣ ደላላ የነበሩትና ዝም ብለው ያለፉት ሰዎች የማን አያቶች ናቸው የሚልም ነው፤ የይፋት ደራሲ ከዚህኛው ጥያቄ መሸሽ አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ልዩ ልዩ ጀግኖች አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመራል። የጀግኖች ልዩ ልዩ መሆን በሰልፍ ሊተካ ይችላል፤ ኅዳር 29 ቀን በየትምህርት ቤቱ ልጆች የየብሔሩን ልብስ ለብሰው እንደሚቆሙት፣ አንድ አማራ፣ አንድ አርጎባ፣ አንድ አፋር፣ አንድ ኦሮሞ ልጅ በአንድ ገጽ ላይ ቆመው ፈገግ ቢሉ ሥዕል ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም። በ«አካታ ዊች» አራቱ ልጆች የተለያዩት እያንዳንዱ ሌላው የሌለውን እውቀትና ሌላው የሌለበትን ጉድለት ይዞ በመምጣቱ ነው፤ ሳሻ ነገረኛና ቁጡ ነው፣ ኦርሉ ረጋ ያለና የተበላሸ ነገር የሚጠግን ነው፤ ያለ ሁለቱ መቃረን ታሪኩ አንድ ምዕራፍ እንኳ አይራመድም። በይፋት ቢጻፍ፣ የአፋሩ ልጅ የሚያመጣው ዳጉን ሊሆን ይችላል፤ ዳጉ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚለዋወጡበት የአፋር የዜና ሥርዓት ነው። በግማሽ ቀን መንገድ ርቀት ላይ የሆነውን ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ፣ ነገር ግን በሕጉ መሠረት ለጠላቱም ቢሆን ውሸት መናገር የማይችል ልጅ ምን ዓይነት ችግር ውስጥ እንደሚገባ ማሰብ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። የሸማኔዋ የአርጎባ ልጅ፣ ዳዊት የደገመው የአንኮበር የቆሎ ተማሪ፣ የኦሮሞው እረኛ እንዲሁ የየራሳቸውን እውቀትና የየራሳቸውን ቂም ይዘው መምጣት ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ከዚህ ይከብዳል። በደጋውም በቆላውም ቡዳ የሚባል እምነት አለ፤ ሰውን በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚጠረጠረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ወይም ሸማኔው ነበር። ይህ ለምናባዊ ልብ ወለድ ያጓጓል፤ ሰው ወደ ጅብነት የሚለወጥበት አፈ ታሪክ ከየትኛውም አገር ተኩላ ሰው አያንስም። ነገር ግን ይህን አፈ ታሪክ እንዳለ የሚወስድ ደራሲ የክፍሉን አንድ ልጅ አባት ጭራቅ አድርጎ ይጽፋል። መፍትሔው እምነቱን መደበቅ አይደለም፤ ቡዳ ተብላ የተጠረጠረችውን የሸክላ ሠሪ ልጅ ራሷን ጀግና አድርጎ፣ ታሪኩን በእርሷ ዓይን ማሳየት ይቻላል፤ ያን ጊዜ አስፈሪው ነገር ጅቡ መሆኑ ያበቃና በየበሩ የሚንሾካሾከው ጎረቤት ይሆናል። ምናባዊ ልብ ወለድ ከአገር ተረት የሚለይበት አንዱ ቦታም ይህ ነው፤ ተረት የሚፈራውን ነገር ሳይጠይቅ ይፈራል፣ ልብ ወለድ ግን ፍርሃቱን ራሱን ሊመረምር ይችላል።

በአገር ውስጥ እስካሁን የታየው ጥረት በብዛት በሥዕላዊ ታሪክና በአኒሜሽን በኩል የመጣ ነው። በሠራት ደበበ የመሠረቱት ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን፣ ቀጥሎም ሴት ጀግና ያላትን «ሀዊ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያቀረበው የእነ ብሩክታዊት ጥጋቡ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕም ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች የሴት ልጆችን በደል የሚታገሉበትን «ጥበብ ገርልስ» ሠርቷል። እነዚህ የሚመሰገኑ ናቸው፤ ሆኖም ሥዕል ለአንባቢው አስቀድሞ ያየለትን ያሳየዋል። ጭራቁን በገዛ ራሱ አእምሮ ለመሣል፣ ጓደኞቹ ሲጣሉ ለምዕራፎች ያህል ለመጨነቅ፣ ልጁ ረዥሙን የቃል ትረካ ይፈልጋል፤ የጎደለውም እርሱ ነው። ከውጭ ያሉት መጻሕፍት ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በመሆናቸው የሚደርሱት ለጥቂት የከተማ ልጆች ነው።

መጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ፣ ቋንቋውም ባዕድ ሲሆን መምህርና ወላጅ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር በዚሁ በሬዲዮ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የ«ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በየክፍሉ ሲተርኩ፣ መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱን፣ ጉዱ ካሣን፣ በድምፅ ለይቶ ያውቅ ነበር። ለታዳጊም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ መምህር ምዕራፉን አስቀድሞ አንብቦ፣ በሚቀጥለው ቀን በአማርኛ በራሱ አፍ ቢተርከው፣ ልጆቹ መጽሐፉን አነበቡት ማለት ይቻላል። ሲተርክ ምዕራፉን ደራሲው ባቆመበት ቦታ ላይ ማቆም ይገባዋል፤ ልጆቹ ቢለምኑትም አንዲት ዐረፍተ ነገር አይጨምር፤ በነገውና በዛሬው መካከል ያለው ጊዜ ልጆቹ በመንገድ ላይ ታሪኩን ራሳቸው የሚቀጥሉበት ጊዜ ነውና።

የሚጠየቁትም ጥያቄዎች ሊለወጡ ይገባል። ስለ ታሪኩ ትምህርት ከመጠየቅ ይልቅ፣ በዚህ ዓለም ምን ማድረግ ይከለከላል፣ የከለከለውስ ማነው፣ ክልከላውን የጣሰ ምን ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ልጁን ወደ ታሪኩ መልሶ ያስገባዋል። ከጓደኞቹ መካከል አንዱ ባይኖር ኖሮ ጉዞው የት ላይ ይቆም ነበር የሚለው ጥያቄም የልዩ ልዩ ጀግኖችን ጥቅም ያለ ንግግር ያሳያል። በሸዋ ሮቢትና በአሊዩ አምባ ባሉ ክፍሎች ደግሞ፣ ልጆቹ በየቤታቸው የሚፈሩትን ነገር በየቤታቸው ቋንቋ ስሙን ጠይቀው እንዲመጡ ማዘዝ ይቻላል፤ ዛሬ በአካባቢው የሚኖሩት አርጎቦች በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ቢሆኑም፣ አያቶች ዘንድ የቀረ ስም ሊገኝ ይችላል፤ የአፋርና የኦሮሞ ልጆችም የየራሳቸውን ያመጣሉ። ስሞቹ በሰሌዳው ላይ ከተጻፉ በኋላ ክፍሉ ካርታ ይሥላል፤ ከላይ አንኮበር፣ ከሥሩ አሊዩ አምባ፣ ከታች ፋሬ፣ ከዚያ ወዲያ ምድረ በዳው ይደረግና እያንዳንዱ ጭራቅ የት እንደሚኖር፣ በየትኛው ወር እንደሚወጣ፣ አሞሌ ይቀበል ወይም አይቀበል እንደ ሆነ ልጆቹ ተከራክረው ይወስናሉ።